የሚያፍነው ሌሊቱ ወይስ ቤታችን?

በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ቀን በፀሐይ ሲግል የዋለው የቂርቆስ ቆርቆሮ ቤት ማታም ታፍኖ ያመሻል። እኛ ደግሞ ብርድ እንዳይመታን መስኮቱን ጠርቅመን፣ የቡናውን ከሰል ሳናወጣ፣ ልጆቻችንን በአንድ አልጋ ደርድረን እንተኛለን። ከዚያም ሙቀት እንቅልፍ ነሳን እንላለን።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ በበጋም ቢሆን የሌሊቱ አየር ቀዝቃዛ ነው። እንግዲያው እናስገባው። በሩ ይዘጋ፤ መስኮቱ ግን ገርበብ ይበል። ወፍራሙ ብርድ ልብስ በስስ አንሶላ ይለወጥ። ከመኝታ በፊት ውዱእ ማድረግም ሱና ነው፤ ገላንም ያቀዘቅዛል።

ከሁሉ በፊት ግን ምድጃው ይውጣ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እሳት በቤት ውስጥ ትተን እንዳንተኛ አዘውናል። ዛሬ ማታ ልጆቻችንን ከማስተኛታችን በፊት ምድጃውን እንይ።