የድርጅቶችን ምስጢር ከስለላና ከጠለፋ መጠበቅ

የምርት ቀመር፣ የጨረታ ዋጋና የኮምፒውተር ፕሮግራም በተፎካካሪ እጅ ሲገቡ በባለቤቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከንብረት ስርቆት ሊከፋ ይችላል። የሚወሰደው ቅጂ በመሆኑም ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ መሰረቁን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

በአሜሪካን ሱፐርኮንዳክተር ኩባንያ ላይ የደረሰው ለዚህ ማሳያ ነው። ኩባንያው የነፋስ ተርባይን መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ለቻይናው ሲኖቬል ያቀርብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ኦስትሪያ በሚገኘው ቅርንጫፉ ይሠራ የነበረ አንድ ባለሙያ በሲኖቬል ተደልሎ የፕሮግራሙን ምንጭ ኮድ አሳልፎ ሰጠ። በወቅቱ ከሲኖቬል ጋር ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ውል የነበረው ኩባንያ፣ ከሠራተኞቹ ከግማሽ የሚበልጡትን፣ ማለትም 700 የሚጠጉ ሰዎችን የሥራ መደብ አጣ፤ የአክሲዮኑ ዋጋም ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አሽቆለቆለ። ሲኖቬል እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሎ 1 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል፤ ለኩባንያው 57 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልም ተስማምቷል። ይህም ከጠፋው ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው።

ምስጢሩ የወጣው በውስጥ ሠራተኛ አማካይነት እንደመሆኑ፣ የመጀመሪያው ጥንቃቄ እያንዳንዱ ሠራተኛ ለሥራው የሚያስፈልገውን መረጃ ብቻ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ማን ምን እንደገለበጠ መመዝገብ፣ ሠራተኛው ሲዛወር ወይም ሲለቅ የይለፍ ቃሉን ወዲያውኑ መዝጋትም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የድምፅ ጠለፋን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1945 የሶቪየት ተማሪዎች በሞስኮ ለአሜሪካ አምባሳደር ባበረከቱት ከእንጨት የተቀረጸ ዓርማ ውስጥ የድምፅ መጥለፊያ ተደብቆ ነበር። መሣሪያው ባትሪ ያልነበረውና ከውጭ በሚላክለት የሬዲዮ ሞገድ ብቻ የሚሠራ በመሆኑ፣ በአምባሳደሩ መኖሪያ ተሰቅሎ እስከ 1952 ሳይደረስበት ቆይቷል። በአሁኑ ጊዜ ደግሞ ማንኛውም የእጅ ስልክ ድምፅ መቅጃ ነው። በመሆኑም ምስጢራዊ ስብሰባ ሲካሄድ ስልኮችን ከአዳራሹ ውጭ ማስቀመጥ፣ በስጦታ የተገኙ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችንም ሳያስፈትሹ አለመጠቀም ተገቢ ነው።

በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ መግባትንና የመረጃ ልውውጥን መጥለፍን በወንጀልነት ደንግጓል። ይሁንና ቅጣት የወጣን ምስጢር አይመልስም።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተጫራቾችን ዋጋ፣ የግብር ከፋዮችን ሒሳብና የባለሀብቶችን የፕሮጀክት ጥናት በእጃቸው ይይዛሉ። ጠረጴዛ ላይ የተተወ የጨረታ ሰነድ ወይም ለባልደረባ የተነገረ የይለፍ ቃል የሌላውን ድርጅት ህልውና አደጋ ላይ ሊጥል ስለሚችል፣ ጥበቃው ከእያንዳንዱ የሥራ ኃላፊና ሠራተኛ ይጀምራል።