በረኛው ትቶት የሄደው ኳስና ላሊበላን አይቶ ያለፈው ካሜራ

ጥሎ ማለፍ ምን እንደሆነ ለኳስ አፍቃሪ አይነገረውም። ዘጠና ደቂቃ ተጫውተህ ካልለየለት ጭማሪ ሰዓት፣ ከዚያ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ከዚያ ደግሞ የተሸነፈው ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ! ቢያንስ ግን የሚያሰናብትህ ተጋጣሚህ ነው። ዛሬ የምናወራው ጥሎ ማለፍ ከዚህ ይከፋል። እዚህኛው ላይ የሚያባርርህ አብሮህ የተራበው፣ አብሮህ እሳት የሞቀው የራስህ የቡድን ጓደኛ ነው።

ጨዋታው “ሰርቫይቨር” ይባላል። እ.ኤ.አ በ1997 ስዊድን ውስጥ “ኤክስፔዲሽን ሮቢንሰን” በሚል ስም በቴሌቪዥን ተጀመረ፤ በ2000 አሜሪካኖቹ ወስደው ዓለም እንዲያውቀው አደረጉ። ሰዎችን ሰው በሌለበት ስፍራ ያሰፍሯቸዋል፣ ለሁለት ቡድን ይከፍሏቸዋል፣ ያወዳድሯቸዋል። የተሸነፈው ቡድን ተሰብስቦ ከራሱ አንድ ሰው በድምፅ ያስወጣል። መጨረሻ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ይቀሩና ቀደም ብለው የተሰናበቱት ዳኛ ሆነው አሸናፊውን ይመርጣሉ። ሽልማቱ አንድ ሚሊዮን ዶላር! ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ ያስወጣኸው ሰው መልሶ ይፈርድብሃል።

የፕሮግራሙ ሦስተኛ ዙር ወደ ሰፈራችን መጣ። ቦታው ኬንያ፣ ሻባ የሚባለው የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራ ሲሆን ጊዜው የ2001 ክረምት ነበር። አስራ ስድስት ሰዎች ለ39 ቀናት በእሾህ አጥር ተከልለው፣ ሌሊት አንበሳ እንዳይመጣባቸው እሳት እያነደዱ ተራ እየጠበቁ ኖሩ። የቡድኖቹ ስም ደግሞ ለኛ እንግዳ አይደለም፤ አንደኛው ሳምቡሩ፣ ሌላኛው ቦራን ተብሏል። ቦረናን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ካለ እጁን ያውጣ!

ከአስራ ስድስቱ አንዱ ጸጉሩ የተጠቀለለ ኢታን ዞን የሚባል ወጣት ነበር። ሥራው ምን መሰላችሁ? በረኛ! አሜሪካ ውስጥ ቫሳር ኮሌጅ ተጫውቶ፣ በኋላም አፍሪካ ድረስ መጥቶ የዚምባብዌውን ሃይላንደርስ ግብ ጠብቋል። ሃይላንደርስን የማያስታውስ ካለ፣ ፒተር ንድሎቩ ወደ እንግሊዙ ኮቨንትሪ ከመሄዱ በፊት የተጫወተበት የቡላዋዮ ክለብ ነው።

ኢታን በጫካው ጨዋታ ላይም በረኛ ሆኖ ቀረ። አይጮህም፣ አይቸኩልም፣ የሚያድነውን ኳስ ጠብቆ ያድናል። በጥር 2002 በተላለፈው የመጨረሻ ክፍል ኪም ጆንሰን የተባሉትን በሃምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ መምህርት 5 ለ 2 በሆነ ድምፅ ረትቶ ሚሊዮኑን ወሰደ። ያሰናበታቸው ሰዎች ራሳቸው መረጡት ማለት ነው። ይኼ ተጋጣሚ ቡድን ደጋፊ ቆሞ እንደሚያጨበጭብለት በረኛ ነው።

ይህን ታሪክ ለስፖርት ገጽ ያበቃው ግን ሚሊዮኑ አይደለም። በውድድሩ መሃል ዋምባ በምትባል የኬንያ ከተማ ሕጻናት አግኝቶ በትንሽዬ የእግር ኳሱ አብሯቸው ተጫውቷል። በዚያ አካባቢ ኤችአይቪ ብዙ ቤት እንደገባ አይቷል። ቡላዋዮ ሳለም ያየው ይኸንኑ ነበር፤ ትናንት አብሮህ ልምምድ የሠራ ሰው ዛሬ ታሞ ይቀራል፣ ክለቡም ሰፈሩም ምክንያቱን አፍ አውጥቶ አይናገርም።

ታዲያ በ2002 ገንዘቡን ይዞ ከሦስት የኳስ ሰዎች ጋር “ግራስሩት ሶከር” የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ዋናው ጠንሳሽ የሕጻናት ሐኪሙ ቶሚ ክላርክ ነው። አባቱ ቦቢ ክላርክ የአበርዲንና የስኮትላንድ ብሔራዊ ቡድን በረኛ የነበረ፣ በኋላም ሃይላንደርስን ያሠለጠነ ሰው ነው። ሌላኛው መሥራች ሜተምቤ ንድሎቩ ለዚምባብዌ ብሔራዊ ቡድን ተጫውቷል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ልጅ የጤና ባለሙያን ላይሰማ ይችላል፣ የሚያደንቀውን ተጫዋች ግን ይሰማል። ስለዚህ ተጫዋቹ ራሱ አስተማሪ ይሁን፣ ትምህርቱም በኳስ ጨዋታ ይሰጥ። ቡላዋዮ ላይ የተጀመረው ሥራ ወደ ብዙ የአፍሪካ አገራት ተስፋፋ።

አባቱን ገና በ14 ዓመቱ በካንሰር ያጣው ኢታን በ2009 እሱም በዚሁ በሽታ ተያዘ። ዳነ ሲባል በ2011 ተመለሰበት። ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛውን ከወንድሙ በተወሰደ ሕዋስ፣ ንቅለ ተከላ ተደርጎለት ቆመ። በ2020 በተላለፈው የአሸናፊዎች ዙር ዳግም ሰርቫይቨር ላይ ቀረበ። እንጨት በሚያመላልሱበት ፈተና አቅሙ አልቆ ሲወድቅ ተመልካች ሁሉ አበቃለት አለ። እሱ ግን ተነስቶ ጨረሰ። ዋንጫውን አላነሳም፣ የዚያን ቀን ግን ማን ስለ ዋንጫ ያወራል?

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የሰርቫይቨር ዘመድ የሆነው “ዘ አሜዚንግ ሬስ” ስድስተኛ ዙሩን ከኅዳር 1997 እስከ የካቲት 1997 ዓ.ም ለአሜሪካ ተመልካች ሲያሳይ ከመድረኮቹ አንዷ ላሊበላ ነበረች። በዚህኛው ጥንድ ጥንድ ሆነው ዓለምን እየዞሩ ይሽቀዳደማሉ፤ በየማረፊያው መጨረሻ የደረሰ ጥንድ አደጋ ላይ ነው። አስራ አንድ ጥንዶች ከቺካጎ ተነስተው በአይስላንድ፣ በሴኔጋል፣ በሃንጋሪና በሌሎችም አልፈው የቀሩት ላስታ ደረሱ። ቀነኒሳ አቴንስ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ባጠለቀበት ዓመት ፈረንጆች ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ሳንባቸው እስኪወጣ ሮጡ! ጎጆ ቤት በጭቃ መለሰንም ከተሰጣቸው ሥራ አንዱ ነበር። ለኛ ገበሬ የዘወትር ሥራ የሆነው ለነሱ የሚሊዮን ዶላር ፈተና ሆነ።

ከዚያስ? ከዚያማ ካሜራው ተጠቅልሎ ወደ ስሪላንካ በረረ። በዚያ ዙር ካሸነፉት ጥንዶች አንዷ ዳካር ላይ ስለ ድህነቱ በንቀት በመናገሯ ብዙ ተመልካች ተቆጥቶባታል። ቱሪስትም ካሜራም እንዲህ ነው፤ አንዳንዱ አድንቆ፣ አንዳንዱ ንቆ ያልፋል።

የላሊበላ ሰው ግን አያልፍም፣ እዚያው ነው። ኑሮው በአስራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና በእንግዳ ላይ የቆመ ነው፤ አስጎብኚው፣ የሆቴል ሠራተኛው፣ በቅሎ የሚያከራየው። መጀመሪያ ኮሮና እንግዳውን አስቀረ። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣና ከተማዋ ከሐምሌ 2013 መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ከእጅ ወደ እጅ ተቀያየረች። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በመከላከያና በፋኖ መካከል ውጊያ ተደረገባት። ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ብልባላን ደግሞ አስቡ። ንብ ሰፍሮበት ማሩ ለፈውስ የሚፈለገውን ብልባላ ጊዮርጊስን ይዛ እንኳ፣ በደጉ ዘመንም ላሊበላን ካየው እንግዳ ብዙው ሳይረግጣት ነው የሚመለሰው። የመትረፍ ውድድር ማለት ይኼ ነው። 39 ቀን ሲሞላ አያልቅም፣ ቼክም አይጻፍበትም።

እኛ ቅዳሜና እሁድ ዲኤስቲቪ ቤት ተሰብስበን ለአርሴናልና ለማንቸስተር ጉሮሯችን እስኪዘጋ እንጮኻለን። ጥሩ ነው፣ እንጩህ። ግን የክለቦቻችን ተጫዋቾች ለወዳጅነት ጨዋታም ቢሆን፣ ሰላም ሲሆን አንድ ቀን ላስታ ወጥተው ከብልባላ ልጆች ጋር ቢያለማምዱና ኳሱን እዚያው ትተው ቢመለሱ ምን ይጎድልባቸዋል? አንድ የፈረንጅ በረኛ ለቡላዋዮ ልጆች ያደረገውን የራሳችን በረኛ ለላስታ ልጆች ማድረግ ያቅተዋል?

መልሱን ለክለቦቻችን እንተወው። ኳሱ እነሱ እግር ስር ነው።