በፎቶግራፍ ስለሚደረግ የቆዳ ምርመራ

በዚህ ዘመን በልጁ ጉንጭ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ወይም በእግሩ ላይ አዲስ ነጠብጣብ ያየ ሰው፥ ሐኪም ቤት ከመሄዱ አስቀድሞ በእጅ ስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ በኢንተርኔት መላክ ይችላል። መልሱን የሚሰጠው አንዳንድ ጊዜ ሐኪም ነው፤ አንዳንድ ጊዜም የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። ይህ መልስ ምን ያህል ሊታመን እንደሚገባው ማወቅ ለቤተሰብ አባትና እናት ሁሉ የሚጠቅም ስለ ሆነ ጥቂት እንጽፋለን።

አስቀድሞ ጥቅሙን መካድ አይገባም። ቆዳ ለዓይን የተገለጠ ነውና ሥዕሉ ብዙ ይናገራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ129,450 ሥዕሎች ያስተማሩት ፕሮግራም ከ21 የቆዳ ሐኪሞች ጋር በተፈተነ ጊዜ፥ የቆዳ ነቀርሳን በመለየት ከእነርሱ የማያንስ ሆኖ ተገኘ። የቆዳ ሐኪም በሌለበት አገር ለሚኖር ሰውም፥ ከሩቅ ያለ ሐኪም ሥዕሉን አይቶ «ይህን ፈጥነህ አሳይ» ቢለው ታላቅ ረድኤት ነው።

ነገር ግን በ2022 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ልዩ ልዩ መልክ ካላቸው ሰዎች 656 ሥዕሎች ሰብስበው እንዲህ ያሉትን ፕሮግራሞች ቢፈትኑ፥ በጠቆረ ቆዳ ላይ ችሎታቸው ዝቅ ብሎ ተገኘ። የተማሩበት ሥዕል አብዛኛው የነጮች ነበርና። በነጭ ቆዳ ላይ ቀይ የሚሆነው ብግነት በእኛ ቆዳ ላይ ወይን ጠጅ ወይም ግራጫ መስሎ ይታያል። ጥቁር ነቀርሳ የሚባለውም በጥቁር ሰው ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በውስጥ እግር፥ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። ዝነኛው ዘፋኝ ቦብ ማርሌ በ1981 ዓ.ም. በ36 ዓመቱ የሞተው በእግሩ ጣት ጥፍር ሥር በጀመረ እንዲህ ባለ ነቀርሳ ነበር።

ከዚህም በላይ ሥዕል አይዳሰስም። ነጣ ያለው ምልክት ቀላል የቆዳ ድርቀት ወይም ጭርት ሊሆን ይችላል፤ የሥጋ ደዌም ሊሆን ይችላል። ሐኪም ይህን የሚለየው በጥጥ ጫፍ ነክቶ ሕመምተኛው ይሰማው እንደ ሆነ በመጠየቅ ነው። የሥጋ ደዌ በመድኃኒት የሚድን ሲሆን፥ መድኃኒቱም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ያለ ዋጋ ይሰጣል። ከዘገየ ግን የእጅን፥ የእግርንና የዓይንን ነርቭ ይጎዳል። በደጋው አገራችን የሚገኘው ቁንጭርም በእርግጥ የሚታወቀው ከቁስሉ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ነው።

ስለዚህ ፎቶግራፍ የሚልክ ሰው በቀን ብርሃን፥ ቅባት ሳይቀባ፥ አንዱን ከቅርብ አንዱን ከራቅ ብሎ ያንሣ። መጠኑ እንዲታወቅ ማስመሪያ አጠገቡ ያኑር። መቼ እንደ ጀመረ፥ ያሳክክ እንደ ሆነ፥ ከቤተሰቡም ሌላ የያዘው እንዳለ ይጻፍ። የልጆችን ገላ የሚያሳይ ሥዕል ግን ለማይታወቅ ሰው አይላክ።

ነጠብጣቡ መልኩን ወይም መጠኑን የለወጠ፥ የሚደማ፥ ቁስሉ አልድን ያለ ወይም ሲነካ የማይሰማ ከሆነ፥ ከስልክ የመጣው መልስ «አትስጋ» ቢልም እንኳ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባል። ፎቶግራፍ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም፤ ደግሞም በአንድ ምስክር ቃል ብቻ መፍረድ ከስሕተት ያደርሳል።