ሲነጋ ያበጠ ፊት ምን ይነግረናል?



ውድ አንባብያን፣ ከአካላችን ክፍሎች ሁሉ ዘወትር የምንዳስሰው ፊታችንን ነው። ለአምስቱ ወቅት ሶላት ውዱእ ስናደርግ ውሃ ከምናዳርሳቸው አካላት አንዱ እርሱ ነው፤ በሱጁድም ለጌታችን ለአላህ (ሱ.ወ.) ዝቅ የምናደርገው ይህንኑ የተከበረ አካል ነው። ለሱብሒ የተነሣ ሰው የዐይኑ ቆብ አብጦ፣ ጉንጩ ከብዶት ቢያገኘው ነገሩን ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው ራሱ ነው። እናትም የልጇን ፊት ስታጥብ ትናንት ያልነበረውን እብጠት ታስተውላለች።

ችግሩ ያለው ከዚያ በኋላ በሚሰጠው ትርጉም ላይ ነው። አንዱ «ማሻ አላህ፣ ወፈረ፤ ኑሮ ተስማማው» ብሎ ያልፈዋል። ሌላው «ምች መታው» ይልና ዳማ ከሴ ፍለጋ ይሄዳል። «የሰው ዐይን ነው» የሚልም አይጠፋም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በእጅ ስልክ የሚዘዋወሩ አጫጭር ምስሎች፣ ፊቱ ያበጠውን ሁሉ «ሰውነትህ ውስጥ ሥር የሰደደ ብግነት አለ» እያሉ ልዩ ልዩ ዱቄትና ሻይ እንዲገዛ ይገፋፉታል። በዚህ ጽሑፋችን ልናሳይ የምንፈልገው፣ የፊት እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ምክንያት ያለው ቢሆንም ሳይጎድል የሚቆይ እብጠት ግን የውስጥ አካል መቆጣቱን የሚያመለክት ሊሆን ስለሚችል በግምት መታለፍ እንደሌለበት ነው።

ብግነት ምንድን ነው?

እሾህ የወጋው ጣት ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ያማልም። እነዚህን አራት ምልክቶች ሴልሰስ የተባለው ሮማዊ ጸሐፊ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መዝግቧቸዋል። ሐኪሞች ይህን የሰውነት መቆጣት ብግነት ይሉታል። ጉዳት ወይም ተሕዋስያን ወደ ደረሱበት ቦታ ደም በብዛት ይሄዳል፤ የጥቃቅን ደም ሥሮች ግድግዳ ይላላና ፈሳሽና ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ሥጋው ይዘልቃሉ። እብጠቱ የሚመጣው ከዚህ ፈሳሽ ነው። እንግዲህ ብግነት በራሱ ጠላት አይደለም፤ አላህ (ሱ.ወ.) ለአካላችን የሰጠው መከላከያ ነው።

ጎጂ የሚሆነው ሥራውን ጨርሶ መብረድ ሲገባው ለወራትና ለዓመታት እንደተዳፈነ ፍም ሲቆይ፣ ወይም መከላከያው ተሳስቶ የገዛ አካሉን ሲያጠቃ ነው። ይህ ሥር የሰደደ ብግነት ይባላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። እንዲህ ባለው ጊዜ ፊት የሚያብጠው ብዙውን ጊዜ ፊቱ ራሱ ስለተቆጣ አይደለም። የተቆጣው ሌላ አካል ሥራውን በሚገባ መሥራት ስላቃተው በሰውነት ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ የዐይን ዙሪያ ቆዳ ስስና ልል በመሆኑ ደግሞ ፈሳሹ ፈጥኖ የሚታየው በዚያ ነው።

ጧት አብጦ ቀትር ላይ የሚጎድል

ሌሊቱን ተኝተን ስናድር ቀን ወደ እግራችን የሚወርደው ፈሳሽ ወደ ላይኛው አካል ይመለሳል። በዚህ ላይ ማታ ጨው የበዛበት ምግብ ከተበላ፣ እንቅልፍ ካነሰ ወይም ሲያለቅሱ ከታደረ ጧት ፊት ማበጡ የሚጠበቅ ነው። ተነሥተን ስንንቀሳቀስ ቀስ በቀስ ይጎድላል። በረመዳን ወር ብዙዎች ይህን ያዩታል። ጨዋማ ሾርባና ሳምቡሳ በብዛት በልቶ፣ ከተራዊሕ በኋላ አምሽቶ፣ ለሱሑር የተነሣ ሰው ፊቱ ከብዶት ቢያገኘው በሽታ ያዘኝ ብሎ መጨነቅ የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃል ይላል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ መጠን ነው። በአመጋገብ ልከኛ መሆንን ካስተማሩን ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሱና ጋርም የሚስማማ ነው።

ሌላው ምክንያት አለርጂ ነው። አቧራ፣ የአበባ ብናኝ ወይም የድመት ፀጉር የማይስማማው ሰው አፍንጫው ይታፈናል፣ ዐይኑ ያሳክከዋል፣ ቆቡም ያብጣል። ስመ ጥሩው ሙስሊም ሐኪም አቡበከር አር-ራዚ፣ አቡ ዘይድ አል-በልኺ የተባሉት ሊቅ በጸደይ ጽጌረዳ ሲያሸቱ አፍንጫቸው ለምን እንደሚፈስ የሚያብራራ ጽሑፍ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ጽፈዋል። በአንድ ጉንጭ ብቻ የሚወጣ ሕመም ያለው እብጠት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጥርስ ሥር መመርቀዝ ስለሚመጣ የጥርስ ሐኪም ማየት ይኖርበታል።

ኩላሊት ሲቆጣ

እ.ኤ.አ. በ1827 ሪቻርድ ብራይት የተባለ የለንደን ሐኪም፣ ሰውነታቸው ያበጠ ሕሙማንን ሽንት በማንኪያ አድርጎ በሻማ እያሞቀ ሲመረምር እንደ እንቁላል አስኳል ዙሪያ ነጭ ሆኖ የሚረጋ ነገር ማግኘቱን ጻፈ። የረጋው በሽንት የወጣ ፕሮቲን ነበር። ሕሙማኑ ሲሞቱ አካላቸው ሲመረመርም ኩላሊታቸው ታሞ ተገኘ። እብጠት፣ ፕሮቲን ያለበት ሽንትና የኩላሊት በሽታ የተያያዙ መሆናቸው በዚህ መንገድ ታወቀ።

የኩላሊት ጥቃቅን ማጣሪያዎች ሲቆጡ ወይም ሲላሉ በደም ውስጥ መቅረት የሚገባው ፕሮቲን በሽንት ያልፋል፤ ጨውና ውሃ ደግሞ በሰውነት ይቀራሉ። ፊት በተለይ ጧት ያብጣል፤ ቆይቶም እግርና ሆድ ይከተላሉ። ሽንት አረፋ ይበዛበታል፤ ደም ካለበትም የሻይ ወይም የኮካ ኮላ መልክ ይይዛል። ሕፃናት ላይ የጉሮሮ ሕመም ካገገመ ከ1 እስከ 3 ሳምንት፣ የቆዳ ቁስል ከሆነ ደግሞ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ሊከሰት ይችላል። አብዛኞቹ ሕፃናት በወቅቱ ሕክምና ካገኙ ይድናሉ። ያልታወቀ የኩላሊት ብግነት ግን ያለ ሕመም ለዓመታት እየተጓዘ ኩላሊቱን ሊያደክመው ይችላል። አሳዛኙ ነገር ይህን የሚያስታውቀው የሽንት ምርመራ በጣም ቀላልና በብዙ ጤና ጣቢያዎች የሚሠራ መሆኑ ነው።

ታይሮይድና ሉፐስ

ሐካሩ ሐሺሞቶ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው የታይሮይድ ዕጢ ብግነት ሌላው ምክንያት ነው። በአንገት ላይ የሚገኘው ይህ ዕጢ በገዛ አካሉ መከላከያ እየተጠቃ ሲዳከም ፊት ያብጣል፣ ድምፅ ይጎረናል፣ ቆዳ ይደርቃል፣ ብርድ አይቻልም፣ ድካምና የሆድ ድርቀት ይበዛል። በሴቶች ላይ በብዛት ይታያል። «ሰነፈች» የምትባል እናት ወይም እኅት በእርግጥ ታማ ሊሆን እንደሚችል ቤተሰቦቿ ሊያስቡበት ይገባል። የጎደለውን ሆርሞን የሚተካ እንክብል አለ።

ሉፐስ የተባለው በሽታም ይበልጥ የሚያጠቃው በመውለድ ዕድሜ ያሉ ሴቶችን ነው። መገጣጠሚያ ያማል፤ በጉንጭና በአፍንጫ ላይ የቢራቢሮ ክንፍ የመሰለ ሽፍታ ሊወጣ ይችላል፤ ኩላሊትንም ሲነካ ፊትና እግር ያብጣሉ።

መድኃኒቱ ራሱ ሲያሳብጥ

እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ፊሊፕ ሄንችና ባልደረቦቹ በመገጣጠሚያ ብግነት ለምትሠቃይ ሴት ኮርቲዞን ሰጧት፤ በቀናት ውስጥም ለውጥ ታየ። ሄንች ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር በ1950 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ይሁን እንጂ ብግነትን የሚያበርደው ይኸው የስቴሮይድ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ፊትን እንደ ሙሉ ጨረቃ ያከብባል፣ ስኳርና የደም ግፊት ያመጣል፣ አጥንት ያሳሳል።

ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን የዚህ ቤተሰብ ናቸው። ሰርግ ሲደርስ ለመወፈር ብሎ እንክብሉን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰድ፣ ወይም ፊት ለማቅላት ስቴሮይድ ያለበትን ቅባት ወር ከወር መቀባት ውበት ሳይሆን በሽታ መግዛት ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ያማረ አድርጎ የፈጠረውን መልክ በዚህ መንገድ ማበላሸት የለብንም። ሲወስድ የቆየ ሰው ግን በድንገት ማቋረጡ ለሕይወቱ ያሰጋዋል፤ ቀስ በቀስ የሚቀንስለት ሐኪም ነው።

መቼ ወደ ሐኪም እንሂድ?

እብጠቱ ቀኑን ሙሉ ካልጎደለ፣ ለቀናት ከቆየ፣ እግር ላይም ከታየ፣ ሽንት አረፋ ካበዛ፣ ካነሰ ወይም ከጠቆረ ሳይዘገዩ መመርመር ያስፈልጋል። የደም ግፊት፣ የሽንትና የደም ምርመራ ብዙውን ነገር ይገልጣሉ። ከንፈርና ምላስ በድንገት አብጦ መተንፈስ ካስቸገረ ግን ሰዓት የሚሰጥ ጉዳይ አይደለም፤ እንደ ኢናላፕሪል ያለ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህ ከገጠመው ለሐኪሙ ይንገር። ነፍሰ ጡር እኅትም ፊቷና እጇ አብጦ ራስ ምታት ወይም የዐይን መጋረድ ከተሰማት በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ትወሰድ።

ውድ አንባብያን፣ ሩቃም ዱዓም ሕክምናም አይጋጩም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መድኃኒት እንድንፈልግ አስተምረውናል፤ ሰበብ ማድረስም ከተወኩል ጋር የሚሄድ ነው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ጾሙ ይጎዳዋል ከተባለም ሸሪዓው ለበሽተኛ የሰጠውን ሩኽሳ በደስታ ይቀበል። ነገ ለሱብሒ ስንነሣ የልጆቻችንንም፣ የወላጆቻችንንም ፊት ልብ ብለን እንመልከት።

አላህ (ሱ.ወ.) ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን፣ የጤናንም ጸጋ የምናመሰግን ያድርገን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።