በተዳፋት ላይ የቆሙ ቤቶች፦ የድጋፍ ግንብ በሸክላማ አፈር ላይ እንዴት ይጸናል?

ከሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ የሚወጣው፣ ከፍተኛ ጫፉም 546 ሜትር የሚደርሰው የካርሜል ተራራ የሐይፋ ከተማን በጀርባው ተሸክሟል። ከከተማዋ መኖሪያ ሠፈሮች ብዙዎቹ የተሠሩት በተዳፋት ላይ በመሆኑ፣ የአንዱ ቤት ግቢ ከታችኛው ጎረቤት ጣሪያ ጋር የሚተካከልበት ቦታ ጥቂት አይደለም። በሁለቱ መካከል ቆሞ የላይኛውን አፈር የሚይዘው በዕብራይስጥ «ኪር ቶሜኽ» የሚባለው የድጋፍ ግንብ ነው። ግንቡ በጸናበት ዘመን ሁሉ ማንም አያስታውሰውም። ሲወድቅ ግን የላይኛውን ግቢ ይዞ በታችኛው ቤት ላይ ይወርዳል። ስለዚህ አሠራሩን ማወቅ ለግንበኛውም፣ ለቤቱ ባለቤትም፣ ለተከራዩም ይጠቅማል።

የአፈሩ ጠባይ

የካርሜል ተራራ በአመዛኙ በኖራ ድንጋይ፣ በዶሎማይት፣ በጠመኔና ማርል በሚባለው ኖራና ሸክላ በተቀላቀለበት ለስላሳ ዐለት የተገነባ ነው። ጠንካራው የኖራ ድንጋይ ሲፈራርስ ቀይ ሸክላማ አፈር ይተዋል፤ ማርሉም ውኃ ሲጠግብ ይለሰልሳል፣ ያንሸራትታልም።

ከጎንደርና ከጎጃም የመጡ አንባቢዎች የሸክላማ አፈርን ጠባይ ከዋልካ ያውቁታል። ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ በትር የሚያስገባ ጉድጓድ ይከፍታል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ አብጦ ስንጥቁን ይዘጋል፣ እግርም ይይዛል። የካርሜል አፈር እንደ ዋልካ ጥቁር ባይሆንም፣ ሸክላ በበዛበት ቦታ ሁሉ ይኸው መጨማደድና ማበጥ አለ። በሐይፋ ዝናቡ በአብዛኛው ከኅዳር እስከ መጋቢት ይዘንባል፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ግን ሰማዩ ደረቅ ነው። ስለዚህ አፈሩ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ይደርቃል፣ አንድ ጊዜም ያብጣል። በደረቁ ወራት በተከፈተው ስንጥቅ የመጀመሪያው ዝናብ በቀጥታ ወደ ግንቡ ጀርባ ይገባል። ያበጠው ሸክላም ግንቡን ወደ ውጭ ይገፋል። በሚቀጥለው በጋ አፈሩ ሲሸሽ ግንቡ ወደ ቦታው አይመለስም፤ የተፈጠረው ክፍተት በተንኮታኮተ አፈር ይሞላና በሚቀጥለው ክረምት ግፊቱ እንደገና ይጀምራል። በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚያዘነብል ግንብ ብዙውን ጊዜ የሚታመመው በዚህ መንገድ ነው።

ዋናው ጠላት ውኃ ነው

ግንብ ሲታሰብ በቅድሚያ ወደ አእምሮ የሚመጣው የአፈሩ ክብደት ነው። ሆኖም ለብዙ ግንቦች መውደቅ ምክንያቱ ከጀርባቸው የታሰረ ውኃ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ቁመቱ 2 ሜትር በሆነ ግንብ ጀርባ ውኃ እስከ ጫፍ ቢሞላ፣ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ላይ የሚያርፈው የውኃ ግፊት ብቻ ወደ 2 ቶን ይጠጋል። ግንቡ 3 ሜትር ሲሆን ይኸው ግፊት 4.5 ቶን ይደርሳል። ከጀርባው ጠጠራማ ሙሌት ያለውና ውኃው በሚገባ የሚወርድለት የ2 ሜትር ግንብ ግን ከአፈሩ የሚሸከመው ግፊት 1.2 ቶን ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር፣ የውኃ መውረጃው ሲደፈን ጭነቱ ከእጥፍ በላይ ይጨምራል።

ከዚህ ስሌት ሌላም ትምህርት ይገኛል። ቁመት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ግንቡን ለመገልበጥ የሚሠራው ኃይል ደግሞ ስምንት እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ በ1 ሜትር ግንብ ልምድ ያካበተ ግንበኛ በዚያው ልምድ ብቻ የ2 ሜትር ግንብ ማቆም አይገባውም። ከፍታው ግድ ካልሆነ በቀር፣ አንድ ረጅም ግንብ ከማቆም ተዳፋቱን በዝቅተኛ ግንቦች በእርከን መከፋፈል የተሻለ ነው፤ ይህ ግን በእርከኖቹ መካከል በቂ ርቀት ሲኖር ነው። የላይኛው ግንብ ከተጠጋ ክብደቱን በታችኛው ላይ ይጭናል።

እርከን ለዚህ ተራራ እንግዳ አይደለም። በ2001 ለሕዝብ የተከፈተው የባሃኢ የአትክልት ስፍራ በካርሜል ገደል ላይ 19 እርከኖችን ይዞ ተሠርቷል። ኢትዮጵያም በዚህ ረገድ ነባር ዕውቀት አላት፤ በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የኮንሶ እርከኖች ያለ ሲሚንቶ በድንጋይ ብቻ የተካቡ ናቸው። ካቡ አፈሩን ይይዛል፤ ትርፉን ውኃ ግን ያሳልፋል። የዘመኑ የኮንክሪት ግንብ ከካብ የሚበልጥ ጥንካሬ ቢኖረውም ውኃን በተፈጥሮው አያሳልፍም፤ መውጫው አስቀድሞ ታስቦ ሊሠራለት ያስፈልጋል።

ጥሩ ግንብ ምን ምን ይዟል?

የመጀመሪያው መሠረቱ ነው። መሠረት በየዓመቱ በሚያብጠውና በሚጨማደደው የላይኛው አፈር ላይ አይጣልም፤ እርጥበቱ ወደማይለዋወጥበት ጥልቀት ወይም ወደ ጠንካራው ዐለት ይወርዳል። በብረት በተጠናከረ የኮንክሪት ግንብ የመሠረቱ ስፋት ብዙውን ጊዜ የቁመቱን ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። አብዛኛው ስፋት ወደ ኋላ፣ ከአፈሩ ሥር ይዘረጋል፤ በላዩ የሚያርፈው አፈር ግንቡን ወደ ታች ተጭኖ እንዳይገለበጥ ይረዳዋል። ትክክለኛው ልክ ግን የሚወሰነው በአፈር ምርመራና በመሐንዲስ ስሌት ነው።

ሁለተኛው ሙሌቱ ነው። የተቆፈረውን ሸክላ መልሶ ከግንቡ ጀርባ መሙላት ርካሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ያብጣል፣ ውኃም ያስራል። ከግንቡ ጀርባ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ንጹሕ ጠጠር ሊኖር ይገባል። በጠጠሩና በሸክላው መካከል ጂኦቴክስታይል የሚባለው ውኃ የሚያሳልፍ ጨርቅ ይዘረጋል፤ ካልተዘረጋ ደቃቁ ሸክላ ቀስ በቀስ ጠጠሩን ይደፍነዋል።

ሦስተኛው የውኃ መውጫው ነው። በመሠረቱ አጠገብ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይቀበራል፤ ቢያንስ በመቶ አንድ ዝቅታ እየያዘም ውኃውን ወደ ታወቀ መውረጃ ይወስዳል። በግንቡ ፊት ላይም በየ2 ወይም 3 ሜትሩ የማንጠባጠቢያ ቀዳዳዎች ይተዋሉ። ከላይ ደግሞ የጣሪያ አሸንዳ ውኃ በግንቡ ጀርባ እንዳይፈስ በቱቦ ይወሰዳል። ውኃው በጎረቤት ግቢ ላይ መለቀቅ የለበትም።

የባሕር ዳርቻ አየር ጨው ስላለበት ለብረቱ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኮንክሪቱ ሽፋን ሲሳሳ ጨው ወደ ብረቱ ይደርሳል፤ የዛገ ብረት አብጦ ኮንክሪቱን ይሰነጥቃል። በዚሁ ምክንያት የባሕር ዳርቻ አሸዋ ለኮንክሪት አይውልም። ከካርሜል ሰሜናዊ ምሥራቅ ግርጌ የሚያልፈው የመሬት ስንጥቅም የመሬት መንቀጥቀጥን በስሌቱ ውስጥ ማስገባት ግድ ያደርገዋል።

የሠራተኛው ሕይወት

በዚህ ሥራ ከሁሉ የሚያሰጋው ሰዓት ግንቡ ከመቆሙ በፊት ያለው ነው። ተዳፋቱ ተቆርጦ ድጋፉ ገና ሳይሠራ ሠራተኞች ከቁርጡ ሥር ይቆማሉ። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከ1.5 ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል፤ እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው መተንፈስ ያቅተዋል። ሸክላ ደግሞ ያታልላል፦ አዲስ ሲቆረጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ያለ ማስጠንቀቂያ ይደረመሳል።

ስለዚህ ቁፋሮው በደረቁ ወራት ይከናወናል፤ ተዳፋቱም በአንድ ጊዜ ሁሉ ሳይሆን በአጫጭር ክፍሎች ተራ በተራ ይቆረጣል። ጥልቀቱ ከ1.2 ሜትር ያለፈ ጉድጓድ ግድግዳው ካልተደገፈ ወይም ወደ ኋላ ካልተጋደመ ማንም አይገባበትም። የተቆፈረው አፈር፣ ብሎኬትና መኪና ከጉድጓዱ አፍ ይራቁ። ከዝናብ በኋላ ቁርጡ ሳይመረመር ሥራ አይቀጥልም። «ቶሎ እንጨርስ» የሚል ካብላን ቢኖርም፣ ባልተደገፈ ጉድጓድ ውስጥ አልገባም ማለት የሠራተኛው መብት እንጂ ስንፍና አይደለም።

ነዋሪው ምን ይከታተል?

ግንብ ከመውደቁ በፊት ብዙ ጊዜ ይናገራል። መሐሉ ከተነፋ፣ ወደ ውጭ ካዘነበለ፣ ስንጥቁ ከዓመት ወደ ዓመት ከሰፋ፣ ከጀርባው ባለው መሬት ላይ ከግንቡ ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ ከታየ፣ መሐንዲስ ሊመለከተው ይገባል። በከባድ ዝናብ የማንጠባጠቢያ ቀዳዳዎቹ ጠብታ እንኳ ካላወጡ ተደፍነዋል ማለት ሊሆን ይችላል፤ የደፈረሰ ውኃ ካወጡ ደግሞ አፈሩ ከውስጥ እየታጠበ ነው። በግንቡ አናት አጠገብ የውኃ ታንከር ማስቀመጥ፣ መኪና ማቆም ወይም አዲስ አፈር መከመር ግንቡ ያልታሰበለትን ጭነት መጨመር ነው።

ተከራይ ያየውን ምልክት በፎቶግራፍና በጽሑፍ ለባለቤቱ ያስታውቅ፤ ቀኑንም ይመዝግብ። አደገኛ ግንብን ለከተማው አስተዳደር በ106 መጠቆም ይቻላል። ግንቡ እየተንቀሳቀሰ ወይም ድምፅ እያሰማ ከሆነ ግን ዕቃ ለማውጣት ሳይዘገዩ ከግርጌውም ከአናቱም መራቅና ወደ እሳት አደጋና ነፍስ አድን በ102 መደወል ያስፈልጋል።

አዲስ ግንብ የሚያሠራ ባለቤትም ከካብላኑ ጋር ስለ ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት ሦስት ነገሮችን ይያዝ፦ የአፈር ምርመራ ውጤት፣ በመሐንዲስ የተፈረመ ንድፍና ከአካባቢው የእቅድና የግንባታ ኮሚቴ የተገኘ መልስ። ጠጠሩ፣ ጨርቁና ቱቦው አንዴ ከተቀበሩ በኋላ አይታዩም። ስለዚህ አፈሩ ከመመለሱ በፊት መሐንዲሱ ቆሞ እንዲያያቸው፣ ባለቤቱም ፎቶግራፍ እንዲያነሣ ይመከራል። በሚቀጥለው ክረምት የግንቡን ጽናት የሚወስነው ከፊቱ ከሚታየው ውብ ድንጋይ ይልቅ ከጀርባው የተሠራው ሥራ ነው።