ኮምፒውተሩ ለምን ሁለት በር አለው?

ለዛሬ አንድ ጥያቄ ይዘን መጥተናል። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ጀርባውን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከኤሌክትሪኩ ገመድ ሌላ የኔትወርክ ገመድ የሚሰካበት አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለ። ስሙ «ፖርት» ይባላል። በፈረንሳይኛ ፖርት ምን እንደሆነ እናንተ ከወላጆቻችሁ ይበልጥ ታውቃላችሁ፤ በር ማለት ነው! አብዛኛው ኮምፒውተር አንድ በር ብቻ ነው ያለው። አንዳንዱ ግን ሁለት አለው። ለምን ይመስላችኋል?

አንደኛው ምክንያት ለመለየት ነው። ኢትዮጵያ አያቶቻችሁ ጋ የሄዳችሁ ልጆች ታስታውሱ ይሆናል። ብዙ ቤት የፊት በርና የጓሮ በር አለው። እንግዳ በፊት በር ገብቶ ሳሎን ይቀመጣል፤ እንጀራው የሚጋገረው ደግሞ በጓሮ በኩል ነው። እንግዳ ዝም ብሎ ማድ ቤት አይገባም አይደል? ኮምፒውተሩም እንዲሁ ነው። አንዱ በር ወደ ውጭው ኢንተርኔት፣ ሌላው ወደ ውስጥ ኔትወርክ ይከፈታል። ኮምፒውተሩ መሀል ላይ እንደ ዘበኛ ቆሞ የሚያልፈውን ያሳልፋል፣ የማያልፈውን ይመልሳል።

እዚሁ ጄኔቫ፣ 18 ቁጥር ትራም መጨረሻው ላይ ሴርን አለ። ሴርን መሬት ውስጥ 27 ኪሎ ሜትር የሚዞር ትልቅ የሳይንስ መሣሪያ አለው። መሣሪያውን የሚቆጣጠሩት ኮምፒውተሮች ኔትወርክና ሠራተኞቹ ኢሜይል የሚያዩበት ኔትወርክ የተለያዩ ናቸው። ለምን ቢባል፣ ቢሮ ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ቫይረስ ቢይዘው በቀላሉ ወደ መሣሪያው እንዳይሻገር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት መጠባበቂያ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. ቲም በርነርስ ሊ የተባለ ሰው እዚያው ሴርን ውስጥ የመጀመሪያውን የዌብ ሰርቨር ሠራ። ሰርቨሩ አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነበር። ስለዚህ «ይህን ኮምፒውተር እንዳታጠፉት» የሚል ማስጠንቀቂያ ለጠፈበት። ያኔ ቢጠፋ የዓለም ዌብ በሙሉ ይጠፋ ነበራ!

አንድ ብቻ መሆን እንዲህ ያስፈራል። ስለዚህ ዛሬ ትልልቅ ሰርቨሮች ሁለት ገመድ ይሰካባቸዋል፤ አንዱ ቢበጠስ በሌላው ይሠራሉ። አገራችንም ብትሆን የባሕር በር ስለሌላት የኢንተርኔት መስመሮቿ በጅቡቲም በኬንያም በኩል ይወጣሉ። አያታችሁን በቪዲዮ ስታነጋግሩ አንዱ መንገድ ቢዘጋ ሌላው አለ ማለት ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ይህች ደግሞ ለእናንተ ናት። ኮምፒውተር ስትገዙ «ሁለት ፖርት ስላለው ኢንተርኔቱ እጥፍ ይፈጥናል» ቢሏችሁ ቸኩላችሁ ገንዘብ አታውጡ። ቤታችሁ የሚገባው መስመር ያው አንድ ነው፤ በር ስለጨመረ መንገዱ አይሰፋም። ለቤት አንድ ፖርት ይበቃል። ሁለተኛው ባዶ ቢቀር ምንም አይጎዳም።

ልጆች፣ የሳምንቱ የቤት ሥራ ይህ ነው። ከአባባ ወይም ከእማማ ጋር ሆናችሁ፣ ምንም ሳትነቅሉ፣ የኮምፒውተራችሁንና የኢንተርኔቱን ሳጥን በሮች ቁጠሩ። ገመድ የተሰካበት በር አጠገብ ብዙ ጊዜ ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ስንት በር አገኛችሁ? ስንቱስ መብራት አለው? በአማርኛ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ለመምህራችሁ አምጡ።

በሉ፣ ደኅና ሰንብቱ!