ያውቁ ኖሯል? የሆድ ጡንቻ ብቻውን ወታደራዊ ፈተና አያሳልፍም

ለወታደራዊ የአካል ብቃት ፈተና የሚዘጋጅ ወጣት ሲት አፕን፣ ማለትም በጀርባ ተኝቶ ከወገብ በላይ ቀና ማለትን ብቻ ቢደጋግም፣ ጭንን ወደ ሆድ የሚያጥፉት የዳሌ ጡንቻዎች ሥራውን ስለሚጋሩት ልፋቱ ሁሉ ለሆድ አይደርስም፤ የሆድ ስብም ከሥሩ ያለው ጡንቻ ስለሠራ ብቻ ተለይቶ አይቀልጥም። የአሜሪካ ምድር ጦር ለ40 ዓመታት ያህል በ2 ደቂቃ የሚሠራውን ሲት አፕ ሲቆጥር ኖሮ፣ በ2014 ዓ.ም. በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየትን የሚጠይቀውን ፕላንክ መደበኛ መለኪያ አድርጓል፤ ዘግይቶም ቢሆን ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

ሩጫው ግን አልቀረም። የጣና ሐይቅ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው፣ ከባሕር ዳር ወጣ ብላ በምትገኘው ዘንዘልማ የሚሮጥ ሰው በቆላማ የባሕር ጠረፍ ከሚሮጠው ይልቅ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ያነሰ ኦክስጅን ያገኛል፤ ልብና ሳንባ ይህን የሚለምዱትም በሩጫ እንጂ በሲት አፕ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር።